ሕግ፣ ትናንሽ አይሮፕላንና የሠራተኛ እንጀራ

አባቴ የመኪና ጥገና ጋራዥ አላቸው። ጋራዡ ትንሽ ነው፤ ሦስት ሠራተኞችና አንድ ለማጅ አሉት፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔም እጨመራለሁ። የመኪናዎች ዓመታዊ ምርመራ በሚደርስበትና ቦሎ በሚታደስበት ጊዜ ግቢው በመኪና ይጨናነቃል። ፍሬኑ የማይዝ፣ መብራቱ የጠፋ፣ ጭስ የሚተፋ መኪና ሁሉ ያን ጊዜ ይመጣል። አባቴም በዚያ ወራት ሁለት ነገር ያደርጋሉ፤ ቀን ደንብ አውጪዎቹን ሲያማርሩ ይውላሉ፤ ማታ ደግሞ ከሌላው ወር የበለጠ ገንዘብ ቆጥረው ወደ ቤት ይገባሉ። «ደንብ የሚጽፉ ሰዎች እጃቸውን ግራሶ ነክቶት አያውቅም» ማለት የዘወትር አነጋገራቸው ነው።

እኔ ትምህርቴን ስጨርስ የአይሮፕላን መካኒክ ለመሆን አስባለሁ። ይህን አሳቤን ለአባቴ በገለጽኩላቸው ጊዜ ደስ አላቸው፤ ነገር ግን «የአይሮፕላን ሥራ ከመፍቻው ይልቅ ወረቀቱ የሚበዛበት ነው ይባላል። ታዲያ ደንቡ ያበላሃል ወይስ ያስርብሃል?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ ላይ ያነበብኩትንና ያሰብኩትን ለዘንድሮው መጽሔታችን እንዲሆን አድርጌ ጽፌዋለሁ። ምሳሌ ያደረግሁት የአሜሪካን አገር ነው፤ ትናንሽ አይሮፕላኖች ከሁሉ ይልቅ የሚሠሩትና የሚበሩት በዚያ ስለ ሆነ የደንብ ጥቅምና ጉዳትም በዚያ ጎልቶ ይታያል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ «ትናንሽ አይሮፕላን» ስል ምን ማለቴ እንደ ሆነ ልግለጽ። በእንግሊዝኛ «ጄኔራል አቪዬሽን» የሚሉት፣ የጊዜ ሰሌዳ ይዞ መንገደኛ ከሚያመላልሰው አየር መንገድና ከጦር ኀይል በቀር ያለውን በረራ ሁሉ ነው ማለት ይቻላል። ተማሪ የሚለማመድበት፣ በእርሻ ላይ መድኃኒት የሚረጭበት፣ ሐኪም ወደ ሩቅ ቦታ የሚሄድበት፣ ነጋዴ ለጉዳዩ የሚጠቀምበት፣ ሀብታምም ለመዝናናት የሚበርበት በዚህ ውስጥ ይገባል። ከእነዚህ መካከል ስሙ ከሁሉ የታወቀው ሴስና 172 ነው። አራት መቀመጫና አንድ ሞተር ያለው፣ ክንፉም ከጣሪያው በላይ የተዘረጋ ትንሽ አይሮፕላን ነው። በ1955 የመጀመሪያ በረራውን አደረገ፤ ከዚያ ወዲህ ከ44,000 በላይ ተሠርቷል፤ በዓለም ላይ ይህን ያህል ቁጥር የተሠራ ሌላ የአይሮፕላን ዐይነት የለም። የአገራችን አየር መንገድም ተማሪ አብራሪዎቹን ሲያስተምርባቸው ከቆዩት አይሮፕላኖች አንዱ ይኸው ነው።

የዚህ ኢንዱስትሪ እምብርት በካንሳስ ግዛት የምትገኘው የዊቺታ ከተማ ናት። ሴስና፣ ቢችክራፍትና ሊርጄት የተባሉት ስሞች ሁሉ ከዚያች ከተማ የወጡ ናቸው። ፓይፐር የተባለው ተወዳዳሪያቸው ደግሞ በፔንሲልቬኒያ ግዛት ሎክ ሄቨን በምትባል ትንሽ ከተማ ይሠራ ነበር። ሥራው በአብዛኛው የእጅ ሥራ ነው። አንድ ሴስና 172 ከስስ የአሉሚኒየም ላሜራ የተሠራ ነው፤ ላሜራዎቹም የሚያያዙት ሪቬት በሚባሉ በሺህ በሚቆጠሩ ጥቃቅን ማያያዣዎች ነው። አንዱን ሪቬት ለመምታት ብዙውን ጊዜ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ከውጭ ሆኖ በአየር በሚሠራ መምቻ ይመታል፤ ሁለተኛው ከውስጥ ሆኖ ከባድ ብረት ደግፎ ይይዝለታል። ደግፎ የሚይዘው ሰው ክንዱን በጠባብ ቀዳዳ አስገብቶ፣ አንዳንድ ጊዜም ብረቱን በዓይኑ ሳያይ በእጁ ስሜት ብቻ ማቆም አለበት። ይህን ጥበብ መጽሐፍ ብቻውን አያስተምረውም፤ ሰው ከሰው ይማረዋል። በኋላ ስለምመለስበት አንባቢ ይህን ነገር በልቡ ይያዝልኝ።

የአሜሪካ መንግሥት በሲቪል አይሮፕላን ላይ የፌዴራል ሕግ ያወጣው በ1926 ነው። የሚያስገርመው ነገር፣ ሕግ ይውጣልን ብለው ከጠየቁት መካከል የአይሮፕላን ባለ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው መገኘታቸው ነው፤ ሕዝብ የሚፈራውን ዕቃ የሚገዛ እንደማይኖር ያውቁ ነበርና። በ1956 ሁለት የመንገደኛ አይሮፕላኖች በግራንድ ካንየን ላይ በአየር ተጋጭተው 128 ሰዎች አለቁ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በ1958 ዛሬ ኤፍ ኤ ኤ እየተባለ የሚጠራው የፌዴራል መሥሪያ ቤት እንዲቋቋም ሕግ ወጣ። አብዛኛው የአይሮፕላን ደንብ የተወለደው እንዲህ ከመቃብር አጠገብ ነው።

መሥሪያ ቤቱ የአይሮፕላኑን ንድፍ ይመረምራል፤ ለአብራሪው ፈቃድ ይሰጣል፤ ለመካኒኩም እንዲሁ። አንድ ፋብሪካ አዲስ ዐይነት አይሮፕላን ሲያወጣ ጥንካሬውንና አበራሩን በፈተና አስመስክሮ ፈቃድ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ ፈቃድ ከተሰጠበት ንድፍ ውጭ አንዲት ብሎን እንኳ እንደ ልብ መለወጥ አይቻልም። ይህ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት ይፈጃል። ሆኖም ፋብሪካዎቹ ከዚህ ጋር መኖርን ለምደውት ነበር። ያናወጣቸው ነገር በአብዛኛው የመጣው ከሌላ በኩል፣ ይኸውም ከፍርድ ቤት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካን አገር የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ዕቃ በአሠራሩ ጉድለት ሰው ቢጎዳ የሠራው ኩባንያ ካሣ ይከፍላል፤ ከ1960ዎቹ ወዲህም ይህ ኀላፊነት በብዙ ግዛቶች እየጠበቀ ሄደ። ለዳቦ መጥበሻ ቢሆን ነገሩ ብዙ አያስቸግርም፤ መጥበሻ ጥቂት ዓመት ሠርቶ ይጣላልና። አይሮፕላን ግን በሚገባ ከተያዘ አይሞትም። በ1950 የተሠራ አይሮፕላን ከአምስትና ከስድስት ባለቤቶች እጅ አልፎ፣ በዐሥር መካኒኮች ተጠግኖ፣ በ1985 ሲበር ይገኛል። በዚያ ቀን ቢወድቅ የሟች ቤተሰብ ጠበቃ ክሱን የሚያቀርበው ገንዘብ ባለው ወገን ላይ ነው፤ ገንዘብ ያለውም ፋብሪካው ነው። ስለዚህ አንድ ፋብሪካ በታሪኩ ለሠራቸው አይሮፕላኖች ሁሉ ያለ ዘመን ገደብ ተጠያቂ ሆኖ ይኖር ነበር።

ይህ ዕዳ ወደ ሠራተኛው የሚደርስበትን መንገድ በቀላል ስሌት ላስረዳ። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ብቻ የተወሰደ ነው። አንድ ፋብሪካ ስለ አሮጌዎቹ አይሮፕላኖች ለኢንሹራንስና ለክርክር በዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል እንበል። በዓመት 10,000 አዲስ አይሮፕላን ቢሸጥ በእያንዳንዱ ዋጋ ላይ 10,000 ዶላር ይጨምራል። ገበያው ቀዝቅዞ 1,000 ብቻ ቢሸጥ ግን ጭማሪው 100,000 ዶላር ይሆናል። ዋጋው ሲንር ገዢው ይሸሻል፤ ገዢው ሲሸሽ ጭማሪው እንደ ገና ይንራል። ደግሞም አዲሱ አይሮፕላን የሚወዳደረው ከገዛ ታላላቅ ወንድሞቹ ጋር ነው፤ ሃያ ዓመት የሠራውና ገና ደኅና የሚበረው አሮጌ ሴስና በርካሽ እየተገኘ ገዢ ስለ ምን አዲሱን ይገዛል? በአገራችን አሮጌ መኪና ለምን ተፈላጊ እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

በ1978 የአሜሪካ ፋብሪካዎች 17,811 ትናንሽ አይሮፕላኖች አስረከቡ። በ1994 ያስረከቡት 928 ብቻ ነው። ከሃያው ዐሥራ ዘጠኙ ያህል ጠፋ ማለት ነው። ፓይፐር የሎክ ሄቨን ፋብሪካውን በ1984 ዘግቶ ሥራውን በፍሎሪዳ ሰበሰበ፤ በ1991ም ከአበዳሪዎቹ ለመጠበቅ ወደ ኪሣራ ችሎት ገባ። ሴስና በ1986 በፒስተን ሞተር የሚበሩትን ትናንሽ አይሮፕላኖች መሥራት ፈጽሞ አቆመ፤ ጄቶቹን ግን መሥራቱን ቀጠለ። ጄት የሚገዛ ኩባንያ የኢንሹራንሱን ጭማሪ ይችለዋል፤ የበረራ ትምህርት ቤት ግን አይችለውም። ላሜራ የሚቆርጡት፣ ሪቬት የሚመቱት፣ ቀለም የሚቀቡት ሰዎች ከዊቺታና ከሎክ ሄቨን ተሰናበቱ።

የኢኮኖሚክስ መምህራችን ይህን ረቂቅ ባነበቡ ጊዜ «ጭነቱን ሁሉ በአንድ አህያ ላይ አትጫን» አሉኝ። ምክራቸው ትክክል ነው። በ1979 የነዳጅ ዋጋ አሻቀበ፤ በ1980ና በ1981 ባንኮች የሚያስከፍሉት ወለድ ከመቶ ሃያ እስከ ማለፍ ደረሰ፤ በብድር አይሮፕላን ይገዛ የነበረው ሰው እጁን ሰበሰበ። በ1986 ደግሞ አዲስ መሣሪያ ለሚገዛ ነጋዴ ይሰጥ የነበረው የግብር ቅናሽ ተሰረዘ። ከ1991 ጀምሮ መንግሥት በቅንጦት ዕቃ ላይ አዲስ ቀረጥ ጣለ፤ ከ250,000 ዶላር በላይ በሆነው የግል አይሮፕላን ዋጋ ላይ 10 በመቶ ያስከፍል ነበር። የቀረጡ አሳብ ሀብታሙ እንዲከፍል ነው፤ ሀብታሙ ግን አይሮፕላኑን ባይገዛ ምንም አይጎድልበትም፤ የሚጎድልበት የሚሠራው ሰው ነው። ቀረጡም በ1993 ተነሣ። እንግዲህ ፋብሪካዎቹ «ያጠፋን ፍርድ ቤት ብቻ ነው» ሲሉ የተናገሩት ለራሳቸው እንደሚመች አድርገው ነው ብዬ አምናለሁ። የሆነ ሆኖ ከምክንያቶቹ ሁሉ መንግሥት በአንድ ወረቀት ሊለውጠው የሚችለው ይህን ነበር።

ለውጡም መጣ። ከካንሳስ የተመረጡት የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባል ናንሲ ካሰባውምና የዊቺታው እንደራሴ ዳን ግሊክማን ለብዙ ጊዜ የደከሙበት ሕግ ኦገስት 17 ቀን 1994 በፕሬዚዳንት ክሊንተን ተፈረመ። የሕጉ ፍሬ አሳብ በአንድ ቁጥር ይጠቃለላል፤ ቁጥሩም ዐሥራ ስምንት ነው። ከሃያ የሚያንስ የመንገደኛ መቀመጫ ያለውና መደበኛ የመንገደኛ አገልግሎት የማይሰጥ አይሮፕላን ለመጀመሪያው ገዢ ከተሰጠ 18 ዓመት ካለፈው፣ ከዚያ በኋላ ለሚደርሰው አደጋ ፋብሪካው አይከሰስም። በአገራችን ሕግ ይርጋ ከሚባለው ጋር የሚመሳሰል ነገር ነው፤ ልዩነቱ ጊዜው የሚቆጠረው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ሳይሆን ዕቃው ከተሸጠበት ቀን መሆኑ ነው። አዲስ ዕቃ ከተለወጠበት ለዚያ ዕቃ ብቻ ቁጥሩ እንደ ገና ከአንድ ይጀምራል።

ሕጉን ሳነበው ያስደነቁኝ የተተዉት ቀዳዳዎች ናቸው። ፋብሪካው የሚያውቀውን ጉድለት ከመንግሥት መርማሪዎች ደብቆ ከተገኘ ዐሥራ ስምንቱ ዓመት አያድነውም። ለሕክምና በአይሮፕላን ይወሰድ የነበረ በሽተኛም መብቱ አይነካም። በአይሮፕላኑ ውስጥ ያልነበረ ሰውም እንዲሁ፤ በቤቱ ተቀምጦ ሳለ አይሮፕላን የወደቀበት ሰው መክሰስ ይችላል። በአሮጌ አይሮፕላን ወዳጁን አምኖ የተሳፈረ ሰው ግን አይችልም። ሕግ አውጪዎቹ ለዚህ ያላቸው ምክንያት አንድ አይሮፕላን ዐሥራ ስምንት ዓመት በደኅና ከበረረ ንድፉ መልካም እንደ ነበር ራሱ መስክሯል የሚል ነው። ምክንያቱ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን በዐሥራ ዘጠነኛው ዓመት አባቷ ለሞተባት ልጅ ይህን ማን ያስረዳታል? በዊቺታ የተከፈተው በር በእርሷ ላይ ተዘግቷል። ይህን ሕግ የሚያመሰግኑ ሰዎች እርሷን ብዙ ጊዜ አያነሷትም።

የሴስና ሊቀ መንበር ራስል ሜየር ሕጉ ከወጣ ትናንሾቹን አይሮፕላኖች እንደ ገና እንሠራለን ብለው ቃል ሰጥተው ነበር፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። አዲሱ ፋብሪካ ግን የተሠራው በዊቺታ ሳይሆን፣ ከዚያ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው ኢንዲፔንደንስ በምትባል ትንሽ የካንሳስ ከተማ ነው። በ1996 ተከፈተ። ሴስና 172ም ከዐሥር ዓመት ዕረፍት በኋላ እንደ ገና ይሠራ ጀመር። ፓይፐርም በ1995 በአዲስ ስም ከኪሣራው ወጣ። ጠቅላላው የአሜሪካ ምርት በ1994 ከነበረበት 928 ተነሥቶ በ2000 ወደ 2,816 ደረሰ።

ይህ ሦስት እጥፍ ነው፤ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን አንባቢ ቁጥሩን ከ1978ቱ ጋር ያነጻጽር፤ አንድ ስድስተኛ እንኳ አይሞላም። ከዚህም በላይ ቁጥር የማይነግረን ነገር አለ። በ1986 አርባ አምስት ዓመት ሆኖት ከዊቺታ የተሰናበተ ሪቬት መቺ በ1996 ዕድሜው አምሳ አምስት ነው። ዐሥሩን ዓመት ሌላ ሥራ ይዞ አሳልፏል። ልጆቹ በዊቺታ ያገቡ ይሆናል፤ ቤቱም በዚያ ነው። ወደ ኢንዲፔንደንስ ይሄዳልን? ክንዱን በጠባብ ቀዳዳ አስገብቶ ብረት መደገፍን ከእርሱ ሊማር የነበረው ለማጅስ በእነዚያ ዐሥር ዓመታት የት ነበር? ሕግ በአንድ ቀን ፊርማ ይለወጣል፤ የእጅ ጥበብ ግን ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሳይተላለፍ ዐሥር ዓመት ካለፈ እንደ ገና ከሥሩ መጀመር አለበት።

በመካከሉም ሌላ ነገር ተከሰተ። በአሜሪካ ደንብ አንድ ሰው ከአይሮፕላኑ ሥራ የሚበልጠውን እጅ ለመማርና ለመዝናናት ብሎ ራሱ ከሠራው፣ ፋብሪካ የሚጠየቀውን ሁሉ ሳይጠየቅ የሙከራ ፈቃድ ያገኛል። ፋብሪካዎቹ በተዘጉበት ዘመን በጓሯቸውና በመኪና ማቆሚያ ቤታቸው አይሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች በረከቱ። በኦሽኮሽ ከተማ በየዓመቱ በሚደረገው ትልቅ የአይሮፕላን ስብሰባ ላይም እንዲህ ያሉት በብዛት ይታያሉ። ሥራው አልጠፋም እንግዲህ፤ ከፋብሪካ ወጥቶ ወደ ጓሮ ገባ። ደመወዙ ግን ተከትሎት አልገባም።

እስካሁን ደንብ እንጀራ ሲያሳጣ አየን። አሁን ወደ አባቴ ቦሎ ልመለስ፤ እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል።

በአሜሪካን አገር እያንዳንዱ የግል አይሮፕላን በየ12 ወሩ መመርመር አለበት። በክፍያ የሚያስተምሩበት ወይም ሰው የሚያሳፍሩበት ከሆነ ደግሞ በየ100 የበረራ ሰዓቱ ይመረመራል። ዓመታዊውን ምርመራ ማንም መካኒክ አይፈርምም፤ ሙሉ ፈቃድ ይዞ ቢያንስ ሦስት ዓመት የቆየና ለዚሁ የተለየ ሥልጣን ያገኘ መሆን አለበት። ሙሉ ፈቃዱን ለማግኘት ደግሞ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ፣ በሥራ 30 ወር የተለማመደ ወይም ከተፈቀደለት ትምህርት ቤት የወጣ፣ የጽሑፍ፣ የቃልና የእጅ ፈተና ያለፈ መሆን ያስፈልገዋል። ትምህርት ቤቶቹ እስከ 2022 ድረስ 1,900 ሰዓት እንዲያስተምሩ ይገደዱ ነበር፤ በዚያ ዓመት የወጣው ደንብ ሰዓት መቁጠሩን ትቶ ተማሪው ምን ማድረግ ይችላል የሚለውን መለኪያ አደረገ። በእኔ አስተያየት ይህ ታላቅ መሻሻል ነው፤ ወንበር ላይ መቀመጥና መማር አንድ እንዳልሆኑ ሁላችንም የክፍል ጓደኞቼ እናውቃለን።

እንግዲህ ምርመራው ቢቀር የአይሮፕላን ባለቤቱ ብዙ ገንዘብ ይተርፈዋል፤ በየትንሹ አይሮፕላን ማረፊያ ያለው መካኒክ ግን በሩን ይዘጋል። ባለ ፋብሪካውን የከበደው ደንብ ለሌላው ሠራተኛ ደመወዝ ነው። ስለዚህ «ደንብ ሥራ ያጠፋል» ወይም «ደንብ ሥራ ይፈጥራል» የሚል ሰው ስገናኝ የማንን ሥራ? ብዬ መጠየቅን ተምሬያለሁ።

የዚህ ነገር ከሁሉ የተወሳሰበው ምሳሌ የ1,500 ሰዓቱ ደንብ ነው። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 አንድ የመንገደኛ አይሮፕላን በኒው ዮርክ ግዛት በቡፋሎ ከተማ አጠገብ ወድቆ በውስጡ የነበሩት 49 ሰዎችና በምድር የነበረ አንድ ሰው ሞቱ። የሟቾቹ ቤተሰቦች ወደ ዋሽንግተን እየተመላለሱ ጮኹ፤ በ2010 ሕግ ወጣ፤ ከ2013 ጀምሮም በአየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመሆን በመሠረቱ 1,500 ሰዓት የበረረ መሆን አለበት ተባለ። ቀድሞ 250 ሰዓት ይበቃ ነበር። ከጦር ኀይል ወይም ከታወቀ የአቪዬሽን ኮሌጅ ለሚመጣ ጥቂት ይቀነስለታል። የሚገርመው ግን በዚያ አደጋ የሞቱት ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ የበረሩ መሆናቸው ነው።

ታዲያ 250 ሰዓት ያለው ወጣት ቀሪውን 1,250 ሰዓት ከየት ያመጣል? ገዝቶ እንዳይበር ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ አብዛኛው የበረራ አስተማሪ ይሆናል፤ በትንሿ ሴስና ከተማሪ ጎን ተቀምጦ ሰዓቱን ይቆጥራል። ሰዓቱ በሞላ ማግሥት ወደ አየር መንገድ ይሄዳል። የበረራ ትምህርት ቤቶች በዚህ ደንብ ርካሽ አስተማሪ አግኝተዋል፤ ነገር ግን ማስተማርን ገና ሲለምድ ጥሏቸው የሚሄድ አስተማሪ ነው። ለትላልቆቹ አይሮፕላኖች ተብሎ የወጣ ደንብ የትናንሾቹን ሠራተኞች አኗኗር እንዲህ አድርጎ ለወጠው። ጓደኞቼ ሆይ፤ በየሁለት ወሩ የሒሳብ መምህር ቢለዋወጥብን ምን ይሰማን ነበር?

በዚህ ስፍራ የእኛን አገር ኀዘን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ማርች 10 ቀን 2019 ከአዲስ አበባ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። በዚያን ጊዜ አንዳንድ አሜሪካውያን ረዳት አብራሪው የበረረው 361 ሰዓት ብቻ ነው እያሉ ጣታቸውን ወደ እኛ ቀሰሩ። አጠገቡ የነበረው ዋና አብራሪ ግን ከ8,000 ሰዓት በላይ በርሯል። በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት ራሱ ባደረገው ምርመራ የተገለጸው ጉድለት በዋናው በሌላ በኩል ነበር፤ ኤፍ ኤ ኤ የምርመራውን ሥራ ብዙውን ለፋብሪካው ለራሱ ሠራተኞች በውክልና ሰጥቶ ነበር፤ የአይሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋው መሣሪያ በሚገባ አልተመረመረም። በ2020 መጨረሻ ላይ ይህን የሚያጠብቅ ሕግ ወጣ። ይህ ስለ ትልቅ አይሮፕላን ነው፤ ከትናንሾቹ ርዕሴ ወጣ ያለ ይመስላል። ነገር ግን ደንብ ይላላ ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያ ቀን ትዝ ስለሚለኝ፣ በዚህ ጉዳይ ፈራጅ ሆኜ መቀመጥ እንደማልችል አንባቢ እንዲያውቅልኝ ፈልጌ ነው።

ደንቡም ዛሬ እየላላ ነው፤ ለትናንሾቹ። በ2004 የወጣው ደንብ ክብደታቸው ከ600 ኪሎ ግራም የማይበልጥ ቀላል አይሮፕላኖችን በቀላል ፈቃድና ያለ አቪዬሽን ሐኪም ምስክር ወረቀት ማብረርን ፈቅዶ ነበር። በ2025 የወጣው ደንብ ደግሞ የክብደቱን ወሰን አነሣው። ከዚያ ዓመት ኦክቶበር ጀምሮ የስፖርት አብራሪ ፈቃድ ያለው ሰው በመኪና መንጃ ፈቃዱ የጤንነቱን ነገር አስመስክሮ፣ አንድ ሰው ብቻ አሳፍሮ፣ ሴስና 172 እንኳ ማብረር ይችላል። አብራሪዎች በዝተው አሮጌዎቹ አይሮፕላኖች ከየማቆሚያው ከወጡ ለመካኒኩ ሥራ ይበዛለታል። ይህን ሳነብ ደስ ብሎኝ ለአባቴ ልነግራቸው ወደ ጋራዡ ሄድኩ።

ጽሑፌን ከመጀመሪያው አነበብኩላቸው። ስለ ዐሥራ ስምንቱ ዓመት ስደርስ አስቆሙኝ። በጋራዡ ጥግ የአንድ ደንበኛ ቮልስዋገን ቆሞ ነበር፤ ዕድሜው ከእኔ ዕድሜ እጥፍ ይበልጣል፤ ለምርመራ የሚቀርበው በማግሥቱ ነበር።

«እንግዲህ የዚህ ዐይነቱ አሮጌ አይሮፕላን ቢወድቅ የሠራው አይጠየቅም አልክ» አሉኝ።

«አይጠየቅም፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት ካለፈው» አልኳቸው።

«ታዲያ ጠበቃው ማንን ይጠይቃል?»

ሕጉን እንደ ገና አየሁት። ሕጉ ነጻ የሚያወጣው አይሮፕላኑንና ዕቃውን የሠራውን ፋብሪካ ነው። ስለ ጠገነውና ስለ መረመረው ሰው ምንም አይልም። ፋብሪካው ከክሱ ሲወጣ በመዝገቡ ላይ የሚቀረው የመጨረሻው ፊርማ የመካኒኩ ነው።

ይህን በነገርኳቸው ጊዜ አባቴ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም መብራቱን ይዘው ከቮልስዋገኑ ሥር ገቡና ጠዋት ያሠሩትን የፍሬን ቱቦ እንደ ገና ይፈትሹት ጀመር።